የወለቃ ዳገት ያመጣብኝ ጽድቅ

ፀደይዬ፣

እኔ ደኅና ነኝ፤ ስለ እግሮቼ ግን ቃል መስጠት አልችልም። ከሐዋሳ ስነሣ «ዳገት ከሳይክሌ ካወረደኝ ጺሜን ላጪኝ» ብዬ መፎከሬን ታስታውሻለሽ። እኛ ሐዋሳ ላይ ዳገት የምንለው አስፋልቱ ላይ ያለውን የፍጥነት መቀነሻ ነዋ!

ዛሬ የሳይክል ጉዞው የመጨረሻ ቀን ነበር። ከደባርቅ ተነሥተን ወለቃን አልፈን ጎንደር ልንገባ ዳገቱ ላይ እስትንፋሴ አለቀ። ወረድኩና፣ የደከመውን የሚለቅመው መኪና እስኪደርስልኝ ግንባሬን መሬት ላይ ደፋሁ። ለካስ የተደፋሁት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው!

ዛፉ ሥር ተቀምጠው የነበሩ አያ ኪዳነ ማርያም የሚባሉ ሽማግሌ ብድግ አሉ። «እዩት እስቲ! ያ ሁሉ ጎረምሳ እየጋለበ ሲያልፍ፣ እንደ ወጉ ወርዶ የተሳለመ ይህ ሸጋ ልጅ ብቻ!»

መኪናው ደርሶ ሾፌሩ «ግባ» ሲለኝ፣ «ምነው? ለታቦት የወረደ ሰው ነው፤ ደክሞት መሰለህ?» ብለው ተቆጡልኝ። እንደ በቅሎ ጌታ ደግፈው ሳይክሌ ላይ አፈናጠጡኝና «ጺምህ እስኪሸብት ኑር!» ብለው መርቀው ከኋላ ገፉኝ። እውነቱን ልናገር ብል ትንፋሽ አልነበረኝም፤ ትንፋሹን ሳገኝ ደግሞ ድፍረቱ ጠፋ። መኪናው እያጀበኝ፣ ከሁሉም ኋላ፣ በገዛ ፔዳሌ ጎንደር ገባሁ።

የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀ። እናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ለሰፈር ልጆች «አሸነፈ» በያቸው፣ ማንን እንደሆነ ግን አትንገሪያቸው። ምላጩን አዘጋጅተሽ ከሆነ ደግመሽ አስቢበት፤ የተመረቀ ጺም ነው።

ሙሉሰው