ቦራን ማንም እንዳያሸው

ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ቀመሪያ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ከቁጣዬ በፊት ሰላምታዬ ይግባ። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ የኮምቦልቻን ዳገት ለመደው ወይስ አሁንም ደረጃ ሲያይ ይንቀጠቀጣል? የግፊት መድኃኒትሽን በሰዓቱ ትወስጃለሽ ወይስ «ዛሬ ደህና ነኝ» እያልሽ ትዘያለሽ? ዓይንሽስ? ሰሚራ በስልክ «እማዬ ደህና ናት» ትለኛለች፤ ነገር ግን ልጅሽ ከድሮም ክፉ ወሬ መንገር ስለማትወድ አላምናትም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባለቤቴ ፋይዛም ደህና ናት፤ ከእኔ ጋር ግን ተኳርፈናል። ምክንያቱን ስታነቢ ትደርሺበታለሽ።

ይህን ሁሉ በስልክ መንገር እችል ነበር። ስልክ ላይ ግን እኔ እጮሃለሁ፣ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ከዚያ መስመሩ ይቆረጥና ሁለታችንም ያልተባለውን እንደተባለ ቆጥረን እናድራለን። ስለዚህ ጻፍኩት። የልጅ ልጅሽ ታንብብልሽ። ራኒያ፣ አያትሽ «ይህን እለፊው» ብትልሽ እንዳታልፊ፤ እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ አንብቢላት።

ነገሩ ይህ ነው። ትናንት ሰሚራ ደውላ፣ አንቺ በሰፈሩ ሁሉ «የአዲስ አበባው ወጌሻ ውሻዬን አዳነልኝ» እያልሽ እንደምታወሪ፣ ይባስ ብለሽም ወጌሻው ሙለታ ለሁለተኛ እሽት ተመልሶ እንዲመጣ እንደላክሽበት ነገረችኝ። እትዬ፣ ሙለታ ዳግመኛ በዚህ በር አይገባም። ውሻሽን ቦራንም ማንም አያሸውም። ለምን እንደሆነ ከሥሩ ጀምሬ ልንገርሽ። አንቺ የሰማሽው ከጎረቤታችን ከድንቅነሽ ነው፤ ድንቅነሽ ደግሞ ወሬን እንደ ሊጥ ኩፍ ሳታደርግ አታቀብልም።

ቦራን የገጨው ከልደታ ወደ ሜክሲኮ የሚጭን ሚኒባስ ነው። ተሳፋሪ ለመሻማት ወደኋላ ይነዳል፤ ቦራ ደግሞ እንደ ልማዱ አጥሩ ጥላ ሥር ተኝቷል። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ አየና ለሾፌሩ «ውሻ ነው፣ ንዳው» አለው። በጆሮዬ ሰማሁት። ሰው ቢሆን ኖሮ ምን ሊለው ነበር እያልኩ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ቦራ አልጮኸም። የኋላ እግሮቹን እንደ እርጥብ ጨርቅ መሬት ላይ እየጎተተ፣ በፊት እግሮቹ ብቻ እስከ በራችን መጣ።

ከዚያ ምክር ዘነበብኝ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ «መርፌ አስወጋውና ይረፍ» አሉ። ፋይዛ «እትዬ ሳትሰማ ቢሞት ይሻላል» አለች። ድንቅነሽም «ጠበል ለውሻ አይሆንም እንጂ አመጣልህ ነበር» አለችኝ። እኔ ውሻ ወድጄ እንደማላውቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ነገር ግን የሰንጋ ተራ ቤትሽ ለልማት ፈርሶ ወደ ልጅሽ ስትሄጂ፣ አውቶቡሱ ውሻ አልጭንም ሲልሽ፣ ገመዱን መዳፌ ላይ ጠቅልለሽ «ጃፋር፣ አማና ነው» ብለሽኛል። አማና የተባለ ነገር እወደዋለሁ፣ አልወደውም አይባልበትም። እንደተሰጠ ይጠበቃል።

ስለዚህ ዶክተር ሀብተሥላሴ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ራጁ ላይ አከርካሪው ተሰብሮ ነርቩን ሲጫነው ይታያል። ቀዶ ሕክምና አደረገለት፣ አጥንቱን በብረትና በብሎን አሰረው። ሲጨርስ እጁን እየታጠበ «የእኔ ሥራ አለቀ፤ የእርስዎ አሁን ጀመረ። አጥንቱ እስኪይዝ ያ ጀርባ መጠምዘዝ የለበትም» አለኝ።

ሕይወቴን ሙሉ ኮንክሪት ስቆጣጠር የኖርኩ መሐንዲስ ነኝና ወዲያው ገባኝ። አንቺም ይገባሻል። ሰርቪስ ቤትሽን ስሠራልሽ ወለሉን ሞልቼ፣ እስኪደርቅ ማንም እንዳይረግጠው በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ ትዝ ይልሻል? ኸይረዲን ያኔ ገና የሰሚራ እጮኛ ነበር፤ «ምንም አይሆንም» ብሎ ዘው አለበት። የጫማው አሻራ ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ እዚያው ነበር። የቦራ ጀርባ ያ ወለል ነው።

እኔ ምን ስሠራ እንደከረምኩ ድንቅነሽ አልነገረችሽም። የግቢያችንን ሰርቪስ ባዶ አደረግሁለት፤ ፋይዛ «ውሻ ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም» ብላ ዋናውን ቤት ከለከለችኝ፣ ልክ ናት፣ አልተከራከርኳትም። በጣውላ አጠርኩለት፤ መተኛትና መዞር እንጂ መፈንጨት የማይችልበት። ጎኑ እንዳይቆስል አገላብጠዋለሁ። ሽንቱን መሽናት ስለማይችል ሆዱን በሁለት እጄ ጫን ጫን አድርጌ አወጣለታለሁ። የኋላ እግሮቹን ጀርባውን ሳልነካ ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው አዟዙራለሁ። ከዚያ በሆዱ ሥር ፎጣ አሳልፌ ወገቡን እይዝለትና በፊት እግሮቹ ያዘግማል። ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን ሱሪና ሸሚዝ ምስማር ላይ ተሰቅሎ አለ፤ ሳልታጠብና ሳልቀይር ለሰላት አልቆምም። የመስጊድ ጓደኞቼ «አንተ ሰውዬ ቆዳህን ልትጨርሰው ነው» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

እንዲህ ሆነን ሳለ ነው አንቺ ሙለታን የላክሽብኝ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ፋይዛ በሩን ከፈተችለት። ምን ታድርግ? «እትዬ ቀመሪያ ልካኝ ነው» አላት። በእኛ ቤት ታላቅ የላከው ሰው ከበር እንደማይመለስ አንቺው ነሽ ያስተማርሻት። «ጃፋር ይምጣ» ብትለው «እሱማ ካለ አያሳየኝም፣ እትዬ ነግራኛለች» ብሎ ሳቀ አሉ። ይህንንም እንዳልሽው ልብ በይልኝ።

ስገባ ግቢው ቅቤ ቅቤ ይሸታል። የቦራ ስፌት ላይ ለጋ ቅቤ ተለቅልቋል። ሙለታ ደግሞ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ እጁን በእኔ ፎጣ ጠቅልሎ ይስቃል። ፋይዛ እንደነገረችኝ፣ የቦራን ጀርባ አሽቶ ሲጨርስ የኋላ ቀኝ እግሩን ያዝ አድርጎ «ላቅናው» ብሎ ጎተተው፤ ቦራ ዞረና ነከሰው። ይኼ ሰውዬ ደሙ እየፈሰሰ «ጋሼ ጃፋር፣ ደስ ይበልዎት፤ ያልዳነ ውሻ አይነክስም» አለኝ። ምን እንዳልኩት አልጽፍም፤ የምታነበው ራኒያ ናት። ፋይዛ ያኮረፈችኝ ለዚያ ነው፤ የእትዬን እንግዳ በፊቴ አዋረድክብኝ ትላለች። ያም ሆኖ፣ ቦራ የተከተበ ቢሆንም፣ ሙለታን ራሴ ጤና ጣቢያ ወስጄ አሳከምኩት፣ የእብድ ውሻ ክትባትም አስጀመርኩት። መንገዱን ሙሉ ስለ ጅማት ሲያስተምረኝ ነበር።

ዶክተር ሀብተሥላሴ በማግስቱ መረመረው። ብሎኖቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ አላህ አተረፈን። ስፌቱ ግን በቅቤው ምክንያት አመርቅዞ እንደገና ተከፍቶ ታጠበ፣ መድኃኒትም ተጨመረለት። እግሩ ስሜት ያገኘው በእሽቱ እንደሆነም ጠየቅኩት። «ሙለታ ከመምጣቱ በፊት ጣቱን ስቆነጥጠው እግሩን ሰብሰብ ሲያደርግ አይተነው የለም እንዴ?» አለኝ። አይተነዋል። ተጨባጭ እስኪሆን ብዬ አልነገርኩሽም እንጂ እግሩ መንቃት ከጀመረ ሰንብቷል። ሙለታ የነቃ እግር ጎተተ፤ ተነከሰ። ተአምሩ ይኸው ነው።

እትዬ፣ ሙለታን አልንቀውም። ወድቀሽ እጅሽ የወለቀ ጊዜ የመለሰልሽ እሱ ነው፤ የእኔም ቁርጭምጭሚት ቢወልቅ እሱ ዘንድ እሄዳለሁ። አንቺ ግን እጅሽ በቢላ አልተከፈተም፣ ውስጡም ብሎን የለም። ለምን እንደላክሽውም አውቃለሁ። ሩቅ ሆነሽ እንቅልፍ አጣሽ፣ አንድ ነገር ሳታደርጊ መቀመጥ አልቻልሽም። ፍቅርሽ ነው የመጣው፤ ግን ፍቅርሽ ቅቤ ይዞ መጣ። አንድ ጠማማ ጉተታ ቦራን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ እግር ጎታች ሊያደርገው ይችል ነበር።

አሁን የምፈልገውን ስሚኝ። ይህ ደብዳቤ ተነቦ እንዳለቀ ራስሽ ለሙለታ ደውይና «አትሂድ» በይው። እኔ ብለው አይሰማኝም። በስምሽ ከመጣ ፋይዛ አሁንም ትከፍትለታለች፣ አሁንም አልፈርድባትም። ያን በር መዝጋት የምትችይው አንቺ ብቻ ነሽ። ቀጥለሽ ለፋይዛ ደውይላትና በዚህ ጉዳይ ጥፋት እንደሌለባት ንገሪያት። ከእኔ ብትሰማው አይጥማትም።

ዛሬ ጠዋት የሆነውን ልጨምርና ላብቃ። ቦራን በፎጣው ይዤ ወደ ግቢው አወጣሁት። አጥሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ፎጣው እጄ ላይ ላላብኝ፤ ክብደቱን ሳላውቀው ራሱ ተሸክሞታል። የኋላ እግሮቹ እየተንቀጠቀጡ፣ ማንም ሆዱን ሳይጫነው፣ በራሱ ሸና። ግማሹ ሱሪዬ ላይ ነው። ፋይዛ በመስኮት ታይ ኖሮ፣ ከተኳረፍን ወዲህ መጀመሪያ ያወጣችው ቃል «ሱሪውን አምጣ፣ ልጠበው» የሚል ነው። አልሰጠኋትም፣ እሱን የማጥበው እኔ ነኝ። ሳሙናውን ግን አቀበለችኝ። እንግዲህ ለጎረቤት ማውራትሽ ካልቀረ «ሸና» ብለሽ አውሪ። ዳነ አትበይ፣ ሄደ አትበይ፤ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪበት።

ሰሚራን ሳሚልኝ፤ እውነቱን ስለነገረችኝ አመሰግናታለሁ፣ አትቆጫት። ኸይረዲንን ሰላም በይልኝ፤ የወለሉን ነገር ያነሳሁት ለምሳሌ እንጂ ለቂም አይደለም። ራኒያ፣ ሳትዘይ ስላነበብሽ ተባረኪ። ፋይዛም ሁላችሁንም ሰላም ትላለች፤ ይህን እንኳ ራሷ ነው ያስጻፈችኝ። ለሙለታ ስትደውይለትም እጁ እንዴት እንደሆነ ጠይቂልኝ፤ ክትባቱንም እንዳያቋርጥ በእኔ ስም ንገሪልኝ። ከዚያ ስለ ጅማት መናገር ሳይጀምር ስልኩን ዝጊው።

ወንድምሽ ጃፋር
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.