«ጠሪ» ስለተባልኩበት የምስጋና ወረቀት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአያ ክንዱ፣ ጅማ።

እንደምን ከርመዋል አያ? ያ የጉልበትዎ ቁርጥማት በጅማ ዝናብ ባሰበት ወይስ ተወዎት? እትዬ ሐረገወይንስ፣ ልጆቹስ ሸጋ ናቸው? እኔ ከቤቴ ጭርታ በቀር መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነኝ።

«ወረቀቱን ቀደህ ከማኅበርህ ታረቅ» ያሉኝ ቃል ደርሶኛል። ምነው አያ! ከማኅበርተኛዬ ከአድማሴ አፍ ከሰሙ ዘንዳ ከኔም ይስሙ እንጂ።

እንደሚያውቁት በቴሌግራም ቤት ሞርስ መቺ ነኝ። የሐኪም ቤቱ ፈረንጅ በመንግሥት ፈቃድ ቤቱ ውስጥ ያቆመው ራዲዮ አለው። በዓመት አንድ ጊዜ የዓለም ራዲዮ ወዳጆች፣ እንዲያው ለፍቅሩ፣ በአየር እየተጠራሩ ማን ብዙ አገር እንዳገኘ ይወዳደራሉ። እኔም ከቅዳሴ መልስ አግዘዋለሁ። ሌላው ጎላ ያለውን ድምፅ ሲሻማ፣ እኔ ከጩኸቱ ሥር የምትንሾካሾከውን ደካማ ድምፅ ጥዬ ማለፍ አይሆንልኝም። ፈረንጁም «በዚህ አያያዝህ ጭራ ነን» እያለ ይስቅብኛል። እውነቱን ነው፣ አሸንፈን አናውቅም። ዘንድሮ ግን የውድድሩ ሰዎች ለውድድሩ ውለታ የዋሉትን ሲያከብሩ፣ ደካማውን አልናቀም ብለው በስሜ የምስጋና ወረቀት ላኩ።

ጣጣው ከትርጉሙ መጣ። አስተርጓሚው በራዲዮ የሚጠራራ ለማለት በማርያም ማኅበራችን ፊት «ከጠሪዎች ሁሉ የተመረጠ ጠሪ» ብሎ አነበበው። እኛ አገር ጠሪ ከተባለ ጋኔን ጠሪ መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ። አድማሴ ብድግ ብሎ «ጽዋውን እንዳይነካ!» አለ። እኔም «አንተን ለሥራ ጠርቼህ መች መጥተህ ታውቃለህና ጋኔን ይመጣልኛል?» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አላዳነኝም። ወይ ወረቀቱን ቅደድ፣ ወይ ማኅበሩን ልቀቅ ተባልኩ። ያንን ጽዋ ከእኔ ጋር ያነሳችው ነፍሷን ይማራትና ባለቤቴ ወለተሩፋኤል ናት። እንዴት ብዬ ልልቀቅ?

ትዕቢት ይዞኝ ይሆን ብዬም ራሴን መረመርኩ፤ ለነፍስ አባቴም ነገርኳቸው። «የሚጠሩህ ስማቸውን ይናገራሉ?» አሉኝ። ስማቸውንም አገራቸውንም አስቀድመው ይናገራሉ አልኳቸው። «ጋኔንማ ስሙን እስኪናገር ስንት ጠበል ይፈጃል!» ብለው በመስቀላቸው አሳለሙኝ።

እንግዲህ አያ፣ አልቀድም፤ ከማኅበሩም አልወጣም። የሰኔ ማርያም ተራው የኔ ነው፤ ጠላውም ተጠንስሷል። ማኅበርተኛው ቢቀር የደጀ ሰላሙን ነዳያን አስገባለሁ፤ የማርያም ጽዋ ሳይጠጣ አያድርም። ምክርዎን አልናቅሁም፤ በዚህ ግን አልታዘዝዎትም።

እትዬ ሐረገወይንን እጅ ነስቻለሁ። ፋንታሁንን በርታ ይበሉልኝ፤ እናኑንም ጉንጯን ይሳሙልኝ። ለአድማሴ መልስ ከጻፉለት፣ በላቸው በሩን ከፍቶ ይጠብቅሃል ይበሉት።

ታናሽ ወንድምዎ በላቸው
ጎንደር፣ ቁስቋም፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፫ ዓ.ም.