የታሰረው ዓይን

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7
ብርድ። ገብስማዋ ዶሮ የምትጥልበትን ዛሬም አላገኘሁም። ለአንድ ሰው የሚበቃ ሽሮ መሥራት እጄ አሁንም አልለመደም… ይተርፋል።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 9
ወንፊት ልመልስ ጎረቤቴ በለጡ ዘንድ ጎራ አልኩ። ባሏ ዓባይነህ መደብ ላይ ተጋድሟል። ጠዋት አውድማ ላይ በሬ በቀንዱ ቅንድቡን መትቶታል። ሁለቴ አስመልሶታል። ዓይኑን በነጠላ ቁራጭ ጥፍር አድርጋ አስራዋለች። የተመታ ዓይን ሦስት ቀን ብርሃን አይይ… እንዲያ አይደል የሚባለው?

ባሌን አሕመድኑርንም እንዲሁ ነበር ያሰርኩት።

ፍቺለት አልኳት። ብርሃን ቢያጠፋውስ ብላ እምቢ አለች። ልመለስ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ዝም ያልኩ ሴትዮ… ከዚያ ከአፌ ወጣ።

"በለጡ፣ የባሌን ዓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን አስሬ።"

ወደ መደቡ ዞረች። ፈታችው።

የዓይኑን ቆብ ገለጥ ሳደርግ ዓይኑ ወደ ውጭ ተገፍቷል፤ አይንቀሳቀስም። የስልኬን መብራት አበራሁበት። ብሌኑ ንቅንቅ አላለም። ጠዋት ጭጋግ ይታየኝ ነበር፣ አሁን እሱም የለም አለ ዓባይነህ።

በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። በጣቷ ነካ አድርጋ፣ ድንጋይ ሆኗል አለች። ከዓይኑ ጀርባ ደም ተጠራቅሞ የማያውን ነርቩን እያነቀው ነው፤ ደሴ እስኪደርስ አይጠብቅም። አደንዝዛ የቆቡን የውጭ ጥግ ቆረጠችለት፣ ግፊቱ እንዲተነፍስ። ከዚያ ደሴ ላከቻቸው።

በሦስተኛው ቀን ቢመጣስ? አልኳት።

"ያኔማ ምን እናደርጋለን፣ እናቴ?"

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 10
ፊደል የቆጠርኩት ለአንዲት ወረቀት ነበር። አሕመድኑር ሲሞት ከኪሱ የወጣች የሐኪም ወረቀት። "ዘግይቶ መጥቷል" ትላለች። ማን እንዳዘገየው አልተጻፈም። እሱም አንድ ቀን አላነሳብኝም… ያውቅ ነበር?

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 11
ከደሴ ወሬ የለም። በለጡ ለሰው ትነግር ይሆን?

እሑድ፣ ታኅሣሥ 20
ተመለሱ። ዓባይነህ በአጥሩ በኩል ጠራኝ። የዓይኑ ዙሪያ ገና ጠቁሯል። እንዴት ሆነልህ ልል ስል፣ ደህናውን ዓይኑን በመዳፉ ከደነ።

"እትዬ፣ ገብስማዋ ዶሮሽ ከቁልቋሉ ሥር ነው የምትደብቀው። ነጣ ነጣ ያለ ይታየኛል።"

"ዓይኑ ከዳነለት ወዲህ የሰው ዶሮ ሰላይ ሆኗል" አለች በለጡ።

ሄጄ አየሁ። አራት እንቁላል።

በለጡ ጠጋ ብላ፣ ያንን ነገር ለማንም አልተነፈስኩም አለችኝ። ንገሪ አልኳት። ሌላም የምታስር አለች።

እንቁላሉን ሰጠኋቸው። ጾም ነን፣ ለገና ይቆይልን አሉ። ሽሮዬን ይዤ እነሱ ቤት ሄድኩ። ዛሬ አልተረፈም።