ባሩድ አለ፤ ዝም በሉ

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 4

ነፋስ። የኢላማው ወረቀት ሁለቴ ተገንጥሎ ድንች እርሻው ውስጥ ገባ። አጥር ዘልዬ ለቀምኩት።

አባዬ በሳምንቱ የሞላቸውን ጥይቶች ይዞ መጣ። እንደ ወትሮው እኔ ተኮስኩ፣ እሱ የጥይት ፍጥነት መለኪያው ጋ ተቀምጦ ቁጥሩን አነበበ። የእጁ አንጓ ከታመመ ወዲህ ሽጉጥ አይዝም። መሙላት ግን ይሞላል። የተተኮሰ ቀለህ ይለቅማል፣ ያጥባል፣ ባሩድ ይጨምራል፣ አረር ይገጥምለታል። ፋብሪካ የሠራው ጥይት ከነካ አርባ ዓመት አልፎታል።

የዛሬው ወሬያችን በሙሉ፦

«ዝግጁ?»

«ዝግጁ።»

«ጥሩ ነው። ቀጥዪ።»

ሌላንድ፣ የክበባችን ሊቀመንበርና የሜዳው ተቆጣጣሪ፣ ሊነካካው መጣ። «ዴልበርት፣ ሱቅ ውስጥ ጥይት እንደሚሸጥ እስካሁን ማንም አልነገረህም?»

«ኬክም ይሸጣል» አለ አባዬ። «የሚስትህን ኬክ ለቀመሰ ሰው መልካም ዜና ነው።»

እዚህ ማንም የሌላውን ሰው ጥይት አይተኩስም። የሞላው ሰው ሐሳቡ የት እንደነበር በምን ይታወቃል? ባልና ሚስት እንኳ ለየብቻ ይሞላሉ። የአባዬን የምተኩስ እኔ ብቻ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 11

ሽጉጡ «ጧ» በማለት ፋንታ «ጢፕ» አለ።

እጄ ላይ ግፊት የለ፣ ጢስ የለ። ጣቴ ግን ለቀጣዩ ቃታውን መሳብ ጀምሮ ነበር... አቆምኩ። ምን እንዳስቆመኝ አላውቅም።

ባሩድ የሌለው ጥይት። ከግርጌ ያለችው ማቀጣጠያ ብቻዋን አረሩን ገፍታ አፈሙዙ መሐል ወትፋዋለች። ሌላ ብተኩስበት ኖሮ ሽጉጡ እጄ ላይ ይፈነዳ ነበር።

አባዬ የመኪናው ጀርባ ላይ አስቀምጦ በናስ ዘንግና በመዶሻ አወጣው። ፊቱ አመድ መስሏል።

ሌላንድ መዘገበው። «አንድ» አለ። በክበቡ ደንብ ሁለት ከሆነ ኮሚቴ ፊት ያስቀርባል።

እሁድ፣ ኤፕሪል 12

ባሩድ እንዴት ይረሳል? እሱ?

እማዬ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ከዚያ ወዲህ ኑሮው ምድር ቤት ውስጥ ነው። በሩ ላይ ራሱ ጽፎ ለጥፏል፦ «ባሩድ አለ፤ ዝም በሉ።» ሲሞላ ሬዲዮ የለም፣ ስልክ የለም፣ እኔም የለሁም። ደረጃው ላይ ተቀምጬ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ። ወሬ ሐሳብ ይበትናል፣ ሐሳብ ሲበተን ጥይት ይበላሻል። ገብቶኛል።

ታዲያ አሁን ማን በተነው? እርጅና? ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው...

ኢንተርኔት ላይ የአእምሮ መድከም ምልክቶችን አነበብኩ። ቀጠሮ መርሳት፦ ሐሙስ እኔ ቤት እራት ነበረው፣ አልመጣም። የአለባበስ ለውጥ፦ ወተት ሊገዛ ሲሄድ የሠርግ ሸሚዙን ለብሶ አግኝቼዋለሁ። የጠባይ ለውጥ፦ ያፏጫል። አባዬ ያፏጫል።

አለቀስኩ። ከዚያ ልብስ አጠብኩ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 15

ቦይዚ ከተማ ያለ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዝኩለትና ደወልኩ።

«ምን ሆኜ?»

«ባሩድ ረስተህ።»

«ሐኪሙ ምን ሊያደርግ? ሊጨምርልኝ?»

ዘጋው። ከኋላው የሴት ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ቴሌቪዥን ይሆናል።

ቴሌቪዥኑ ከገና ጀምሮ ተበላሽቷል... ወይስ እኔም መጃጀት ጀመርኩ?

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 18

«ጢፕ።»

ጣቴ በዚህኛው አልቸኮለም። እያንዳንዷን እየፈራሁ ነበር የተኮስኩት። የአባቴን ጥይት ፈርቼ አላውቅም ነበር።

ሌላንድ «ተኩስ አቁም!» ብሎ ሜዳውን ጸጥ አሰኘው። የነበረው ሰው ሁሉ አባዬን አየ። አባዬ ጫማውን አየ።

በኋላ ሌላንድ ቧንቧው ጋ ለብቻዬ ጠራኝ። ሳይቀልድ ሲናገር ስሰማው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

«ትሪና፣ ኮሚቴው ሐሙስ ይሰበሰባል። ከዚያ በፊት የጥይት መሙያ ማሽኑን ንቀይበት። ከእኛ አፍ ከሚሰማው ካንቺ ቢመጣ ይሻላል።»

«ያለ እሱ ምን ይሠራል?»

«ልጁን እጇን ካሳጣስ በኋላ ምን ይሠራል?»

እማዬን ስንቀብር ሁለት ነበርን። ማሽኑን ግን ብቻዬን ነው የምቀብረው።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 21

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ መፍቻ ይዤ ሄድኩ። ማሽኑ ጠረጴዛው ላይ በብሎን ነው የታሰረው።

መኪናው ደጅ ቆሟል። አባዬ ኩሽና ውስጥ የለም። ወደ ምድር ቤቱ ስወርድ ድምፁን ሰማሁ። ያወራል። ብቻውን ያወራል... ይህም ከምልክቶቹ አንዱ ነበር። እዚያው እንደ ልማዴ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ሌላ ሰው መለሰለት።

«... በሩን ስከፍት ፍየሏ ዘላ ገባችና ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ልጆቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላት።»

አባዬ ሳቀ። ሳቁን ረስቼው ነበር።

በሩን ገፋሁት። ኒታ ኮልቪን የቀለም ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣለች። የትምህርት ቤት አውቶቡሳችን ሹፌር የነበረችው፣ ማስቲካ ያኘከውን ሁሉ መንገድ ላይ ታወርድ የነበረችው ኒታ። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመት ይሆናል።

አባዬ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ከፊቱ ቀለሆቹ ጣውላ ላይ ተደርድረዋል፣ በተራ በተራ ባሩድ ይጨምርባቸዋል። መሐል ላይ ወደ ኒታ ዞረ። «ከዚያስ ፍየሏ የት ወረደች?» ወደ ሥራው ሲመለስ አንዱን ዘለለው። ዓይኔ እያየ።

«አባዬ፣ አንዱን ዘለልክ።»

ቀለሆቹን አየ። ኒታን አየ። እኔን፣ ቀጥሎ መፍቻውን አየ።

«ትሪና» አለች ኒታ፣ «አድገሻል።»

«አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ወይዘሮ ኮልቪን። እርስዎ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ባልዲው ትንሽ ይቆረቁራል።»

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሳቅኩ። አልታመመም። ተመስገን፣ አልታመመም። ቤቴ ስደርስ ግን ንዴቱ መጣ። ዘጠኝ ዓመት ደረጃ ላይ አስቀምጦኝ... ለእኔ ክልክል የነበረው ወሬ ለአውቶቡስ ሹፌር ተፈቀደ። ቀናሁ። በዚህ ዕድሜዬ ቀናሁ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 23

አባዬ ኮሚቴው ፊት ቀረበ። ኒታ ውጭ መኪና ውስጥ ጠበቀች።

«ምክንያቱ ምንድን ነው?» አለ ሌላንድ።

«ወሬ» አለ አባዬ።

«ማን ነው ያወራው?»

«እኔ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የጆሮ መሣሪያውን አስተካከለ። «አንተ?»

ምርጫ ሰጡት። ወይ ብቻውን፣ በሩን ዘግቶ፣ ዝም ብሎ ሊሞላ ይፈርማል፤ ወይ አንድ ዓመት ሙሉ በፋብሪካ ጥይት ብቻ። ይፈርማል ብዬ ልምል እችል ነበር። እስክሪብቶውን አነሳ። መልሶ አስቀመጠው።

«የፋብሪካው ይሁን።»

ሌላንድ ቀልድ መስሎት ቀሪውን ጠበቀ። ቀሪ አልነበረም።

ስንወጣ ክንዴን ያዘ። «እናትሽ ስትሞት ሰው ሁሉ እየመጣ ያወራኝ ነበር። የማይወራበት ቦታ ፈለግኩ። ባሩድ አለ ብዬ ለጠፍኩ።»

«እኔም እንዳላወራህ?»

«አንቺም።» ኒታ ወዳለችበት መኪና ተመለከተ። «ከዚያ ወረቀቱ እንዴት እንደሚነሳ ጠፋኝ።»

እጁን ያዝኩት። የታመመው አንጓ ነበር፣ ፊቱ ላይ ሕመሙ ታየኝ። ግን አልነጠቀኝም።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 27

ኒታ ደወለች። «ወይዘሮ ኮልቪን አትበዪኝ፣ ኒታ በይኝ» አለች። ሞከርኩ። ማስቲካ የያዝኩ ይመስል አፌን ዘጋሁ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 2

አባዬ በመኪናው መጥቶ ወሰደኝ። የሱቅ ጥይት ገዝቷል፣ ሳጥኑን በጋዜጣ ጠቅልሎታል። ሌላንድ ገልጦ አየና ኮፍያውን አወለቀ። እግዜር ይስጠው።

ጥቂት ተኮስኩ። ምን ይለካል? ፍጥነቱ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል። ሥራ ስናጣ የመኪናው ጀርባ ላይ ወጥተን ሳንድዊች በላን።

አባዬ ቀይ ሥር እንደማይወድ ነገረኝ። በየእሁዱ እሠራለታለሁ። ዘጠኝ ዓመት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«በላሁት እኮ።»

«ሌላስ የማትወደው?»

በደንብ አሰበበት። «የሳሎንሽን መጋረጃ። አንቺስ?»

ልዋሽ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ተኩስ» አልኩት። «ድምፁንም ሽታውንም አልወደውም። ወድጄውም አላውቅ።»

ኢላማውን አየው።

«ታዲያ ስንት ዓመት ሙሉ ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«አንተ ያለኸው እዚህ ነዋ።»

መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። ቆሻሻ አልነበረውም። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አረጋገጠ፣ ቦርሳው ውስጥ ከተተው፣ ሳጥኑን ከነቀሪው ጥይት ዘጋው።

«ሌላንድ እንዳይሰማሽ» አለ።

ገና ረፋዱ ነበር። መንገዱን ሁሉ አወራ፤ ስለ እማዬ፣ ስለ ፍየሏ፣ ስለ መጋረጃው ደግሞ በዝርዝር። ሲያወራ የቤቴን መታጠፊያ አለፈው። አልነገርኩትም።