ቪፒኤን አላውቅም ያልኩበት ማክሰኞ

የካቲት 13፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3፡10

ገቢ ደብዳቤ አሥራ አንድ፣ ወጪ ሁለት። ሶሻል ሚዲያው ዛሬም ዝግ ነው። ደብተሬ፣ በጉልበቴ ላይ ነው የምጽፍብሽ፣ ከጠረጴዛው ሥር።

ብርቱካን ከቤይሩት ድምፅ ልካለች። ደህና ነኝ፣ እማዬ መድኃኒቷን ትዋጥ፣ ብላለች። እህቴ ሲም ካርድ የላትም፣ በአሠሪዎቿ ዋይፋይ ነው የምታወራኝ። ስልኬ አናት ላይ ትንሿ የቁልፍ ምልክት ካልወጣች፣ ማለትም የተዘጋውን የሚከፍተው ቪፒኤን ካልሠራ፣ ድምፅዋን አላገኘውም።

ሰምቼ ቀና ስል ጋሽ አድማሱ፣ የጽ/ቤታችን ኃላፊ፣ አጠገቤ ቆመዋል። ቁልፏን አዩ። እኔን አዩ። ወደ ቢሯቸው ገቡ።

ቪፒኤን ያስጠይቃል ይባላል። ያስጠይቃል የሚል ደብዳቤ ግን አልመጣም፤ ቢመጣ መዝጋቢዋ እኔ ነኝ። ቢሆንም ሆዴ አላመነም። ከሥራ ብባረር እማዬን ማን ያሳክማታል?

9፡00። አይሲቲ ክፍል ያለችውን ምሕረትን ጠየቅኳት፣ ለሌላ ሰው የምጠይቅ አስመስዬ። ሳቀችብኝ። ነገሩ መጀመሪያ የተሠራው ለቢሮ ሰው ነው አለች፤ ሩቅ ደካ ከተማ ያለ ሠራተኛ ቦንጋ ዋናው ቢሮ የተቀመጠ ያህል ፋይሉን በምስጢር እንዲከፍት። በኋላ ተራው ሰው ለራሱ አዋለው። አንዱ የተዘጋ ለመክፈት፣ ሌላው የካፌ ዋይፋይ ላይ የይለፍ ቃሉ እንዳይሰረቅበት። እንዲህ አስቢው አለች፦ ደብዳቤሽን አሽገሽ ሺሺንዳ ከተማ ላለ ሰው ትልኪያለሽ፣ እሱ ወደ ቤይሩት ያሻግረዋል፤ መንገድ ላይ የሚያይሽ ሺሺንዳ መላክሽን ብቻ ነው የሚያውቀው። ደስ አለኝ። ቀጠለች፦ የነጻው ከሆነ ግን የሺሺንዳው ሰውዬ ማን እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

የኔ የነጻው ነው። እኛ ተራ ሠራተኞች ከኃላፊ ተደብቀን ከስልክ ወደ ስልክ የተቀባበልነው። መጀመሪያ ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም።

አንድ ፍርሃት ይዤ ሄጄ ሁለት ይዤ ተመለስኩ።

የካቲት 14፣ ማክሰኞ፣ 5፡30

ተጠራሁ። ጋሽ አድማሱ በሩን ራሳቸው ዘጉ። በካፊኖኖ፣ በቤታችን ቋንቋ፣ ጀመሩ።

ይህንን ልብ በዪ። እኛ ቢሮ ሥራ በአማርኛ ነው። ኃላፊ በካፊኖኖ ሲያናግርሽ ኃላፊነቱን በር ላይ ትቶ ነው፤ ለቅሶ ወይ ሕመም፣ የቤት ጉዳይ አለ ማለት ነው። ልጅም ያውቀዋል። እኔም አውቃለሁ። ግን ፈራሁ።

ስልካቸውን ዘረጉልኝ። ያንን ቁልፍ ነገር ጫኚልኝ አሉ። ወጥመድ መሰለኝ። እጄን ከኋላዬ አድርጌ፣ በአማርኛ፣ ልክ እንደ ቃለ ጉባኤ፦ እንዲህ ዓይነት ነገር አላውቅም፣ ተጠቅሜም አላውቅም።

ስልኩን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ከዚያ እሳቸውም በአማርኛ፣ “እሺ፣ ወደ ሥራሽ ተመለሺ።”

ሽንት ቤት ገብቼ ቪፒኤኑን አጠፋሁት።

የካቲት 16፣ ሐሙስ

አልተባረርኩም። ማንም አልጠየቀኝም። ይሄ ይብሳል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ስልኬን መሳቢያ ውስጥ እከታለሁ። ጋሽ አድማሱ ሰላምታቸውም በአማርኛ ሆኗል። ፊታቸው ከስቷል። የብርቱካንን ድምፅ ካልሰማሁ ሦስት ቀኔ። እማዬ ትጠይቃለች፣ ደህና ናት እላለሁ። መዋሸት ለመደብኝ።

የካቲት 18፣ ቅዳሜ፣ ማታ 1፡00

ገበያ ውስጥ እትዬ አስቴርን አገኘሁ፣ የጋሽ አድማሱን ባለቤት። ኮረሪማ ያነሳሉ፣ መልሰው ያስቀምጣሉ፣ አይገዙም። ምነው አልኩ። ኩዌት ያለችው ልጃቸው ሰላም፣ ሶሻል ሚዲያው ከተዘጋ ወዲህ ድምፅዋ የለም። አባቷ የተዘጋውን መክፈት የሚያውቅ ሰው ለምኖ እምቢ ተባለ አሉኝ። ማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም አሉ።

ዘንቢሌን እዚያው ትቼ ወደ ምሕረት ቤት ሮጥኩ። እሷ የምታምነውን ቪፒኤን ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። ከዚያ እነጋሽ አድማሱ ቤት ሄጄ ከእኔ ስልክ ወደ እሳቸው ስልክ አሳለፍኩት። ወንበር ሳቡልኝ።

ቁልፏ ወጣች። መልእክቱ ይጎርፍ ጀመር። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል። እትዬ አስቴር እልል አሉ።

የመጨረሻው ሰኞ ማታ የተላከ ነው። ሰላም እያለቀሰች ነው የምታወራው። አሠሪዎቿ ሥራ ላስገባት ደላላ መልሰዋታል። እስከ ረቡዕ ደላላው ቤት ናት፤ ከዚያ ሌላ ቤት ያስገቧታል፣ የት እንደሆነ አታውቅም፣ ስልኳንም ይወስዱባታል። አባባ፣ ከረቡዕ በፊት መልስልኝ፣ የደላላውን ስም እሰጥሃለሁ።

ጋሽ አድማሱ ጻፉላት። መልእክቱ ሄደ፣ አልደረሰም። ረቡዕ ካለፈ ሦስት ቀኑ ነው፤ ደግመው ጻፉ። አልደረሰም።

እትዬ አስቴር እጄን ይዘው ሳሙኝ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን እንሆን ነበር እያሉ። ጋሽ አድማሱ ወለሉን ያያሉ።

የካቲት 19፣ እሑድ፣ ጠዋት 12፡20

እንቅልፍ የለም። ብርቱካን ድምፅ ልካለች፣ ለምን ጠፋሽ ትላለች። ደህና ናት። ደህና በመሆኗ አፈርኩ።

የሰላም ስልክ አሁንም ዝግ ነው። ጋሽ አድማሱ እምቢ ያልኩት እኔ መሆኔን ለሚስታቸው አይነግሩም። አውቃቸዋለሁ፣ እኔን ሊሸፍኑ ይዘውት ይኖራሉ። ይህንን አልችልም።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሄዳለሁ። እትዬ አስቴርን ለብቻቸው፣ በካፊኖኖ። ያባርሩኝ፣ ይርገሙኝ። እንዲህ ብዬ እጀምራለሁ፦ እትዬ፣ ያ እምቢ ያለው ሰው፣ ማክሰኞ ዕለት…