አንገተ ረጅሟ ፒፓህ

ታዴዬ፣

«እንደምን ሰነበትክ» ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ ቆመ። ለሄደ ሰው እንዴት ተብሎ እንደሚጻፍ የነገረኝ የለም። ከተለያየን ክረምቱ መጥቶ ሄደ፣ መስቀልም አለፈ፣ አሁን ጥምቀት ሊደርስ ነው። ልትሄድ ሰሞን የዘራኸው የጓሮ በቆሎ እንኳ በቅሎ፣ እሸቱ ተበልቶ፣ የተረፈው ደርቆ ተፈልፍሏል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም እንደ ድሮው ነው። የተምታታብኝ ጭንቅላቴ ነው፤ እሱን ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ልጃችን ሐና የካ አባዶ ካለው ኮንዶሚኒየሟ እየደወለች «እማዬ፣ ብቻሽን እዛ ዳገት ላይ ምን ታደርጊያለሽ፣ ነይ እኔ ጋ» ትለኛለች። አንድ ሰሞን ሄጄላት ነበር። ቤቷ ያምራል። ግን በረንዳዋ ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳይ ያንተ ድንጋይ የለችም። በቃ፣ ልብሴን ሰብስቤ ተመለስኩ። ድንጋይህ እዚሁ በራችን ላይ ናት፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ በስተቀኝ አጥሩን ተደግፋ። ሥራ ውለህ ስትመጣ እሷ ላይ ቁጭ ብለህ፣ ወደ ሲ.ኤም.ሲ ቁልቁል እያየህ ፒፓህን ታጨስ ነበር።

የፒፓህ ነገር ነው እንግዲህ ያደናገረኝ።

ሰው ሁሉ ሲጋራ በሚያጨስበት ዘመን አንተ በየዓመቱ ከጓሯችን በቆሎ ፍሬው ሲፈለፈል ከሚቀረው ወፍራሙን ቆረቆንዳ መርጠህ፣ ልቡን በቢላ ቦርቡረህ፣ ጎኑን በጋለ ሽቦ በስተህ፣ ክንድ የሚያህል የሸምበቆ መቃ ትሰካበት ነበር። ርዝመቱ ጭሱን ያቀዘቅዘዋል ትለኝ ነበር። ለንስሐ አባታችን የነገርካቸው ግን ሌላ ነው። «ልጄ፣ ከትምባሆ ራቅ» ቢሉህ፣ በሳምንቱ መቃውን አስረዝመህ ቀርበህ «ይኸው አባ፣ ራቅሁ» አልካቸው። ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑ። እኔ መሬት ተሰንጥቆ በዋጠኝ አልኩ። አሁን ብቻዬን ሳስታውሰው እስቃለሁ፤ ከዚያ መሳቄ ራሱ ያስለቅሰኛል።

ፍሙን በጉጠት አንስተህ ትምባሆው ላይ ታስቀምጣለህ፣ ዓይንህን ጨፈን አድርገህ ቀስ ብለህ ትስባለህ። «እንደ ትኩስ ሻይ ነው ብርቄ፣ የቸኮለ ምላሱ ይላጣል» ትለኝ ነበር። የቀኑ ድካም ከትከሻህ ሲወርድ በዓይኔ አየው ነበር። እኔ ደግሞ አጠገብህ ተቀምጬ መነጫነጭ ነው። ጋቢህ ሸተተ፣ ፀጉሬ ሸተተ፣ ቤቱ ሸተተ!

ልብስህ ለነዳያን ተሰጠ። ጋቢህን ሐና ወስዳ አጠበችው። ያ የምነጫነጭበት ሽታህ የቀረው ፒፓዋ ላይ ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከመስኮቱ አንስቼ አሸታት ነበር። ምን ነካኝ? እኔንጃ።

ለአርባህ እህትህ እትዬ ዘውዴ ጠላውን ልትጠምቅ መጣች። ጋኖቹን በግራዋ ቅጠል ስታጥብ ፒፓዋን አየቻት። መቼም እጇ ሥራ አይፈታም። «የወንድሜ ዕቃ እንዲህ ጠቁሮ አይቀመጥም» ብላ እሷንም በግራዋ ፈተገቻት! ሽታው አልለቅ ሲላት ደግሞ እንደ ጋን በወይራ አጠነቻት። ከዚያ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ደስ ብሏት፣ «እንኪ፣ አሁን ዕቃ ሆነች» ብላ ሰጠችኝ። አፍንጫዬ ላይ ባደርጋት የጠላ ጋን ሸተተችኝ። ልቆጣት? ወንድሟ ነህ፣ በፍቅር ነው ያደረገችው። ላልቅስ? ለምን ብዬ፣ ትምባሆ ታጥቦብኝ ልበል? ዞር ብዬ ሳቅሁ፣ ሳቁም አላቆም አለኝ። ሰው አበደች ብሎ አየኝ። ውሃ የጠጣው ቆረቆንዳም ሲደርቅ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ።

ያኔ ነው ካንተው በቆሎ ሌላ አሠርቼ ሽታህን እመልሳለሁ ያልኩት። በቆሎው እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ጓደኛህ ጋሽ ቶሎሳ ሊረዳኝ መጣ፣ እንደ ልማዱ በኦሮምኛ እያጉረመረመ። አብራችሁ አርሳችሁ፣ እርሻው ቤት ሲሠራበት አብራችሁ ዘበኛ የሆናችሁ ሰው፣ ከኔ ይሻላል ብዬ ነበር። ገና ቢላውን ሳናነሳ ተጣላን። እኔ በወፍራሙ ጫፍ ነው የሚቆርጠው አልኩ፣ እሱ በቀጭኑ። «አንቺ እንኳን ፒፓውን፣ ባልሽንም በደንብ አላየሽው» ብሎ ሳቀብኝ። «አንተስ ጭሱን እንጂ እሱን መቼ አየኸው?» አልኩት። ከዚያ በአፍህ በየት በኩል እንደምትይዛት ተነሳ። እኔ በቀኝህ አልኩ። እሱ በግራህ ብሎ በእናቱ ማለ። ዕድሜ ልኬን ያየሁትን! ልትጠይቀኝ መጥታ የነበረችው ሐና ካንተ ጎን ተቀምጣ በስልኳ የተነሳችውን ፎቶ አወጣች። አየነው፣ በግራህ ናት። ጋሽ ቶሎሳ ሊያጨበጭብ ሲል «ቆይ ጋሼ፣ ይሄ ሰልፊ ነው፣ ግራና ቀኙን ይገለብጣል» አለች። ይገለብጣል? ሁልጊዜ ወይስ አንዳንዴ? እሷም እርግጠኛ አልሆነችም። ያን ዕለት ፊትህን ለማሰብ ዓይኔን ስጨፍን ፒፓዋ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ እያለች አስቸገረችኝ። ይህን ከረሳሁ ሌላውስ ብዬ ፈራሁ።

ለማንኛውም ተሠራች። ጋሽ ቶሎሳ ለኮሳት። ሽታዋ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የተጠበሰ በቆሎ! መንገድ ዳር የሚሸጠው። አንተ የለህበትም። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። እሱ ከውጭ ሆኖ «አዲስ ፒፓ የማንም አይደለም እኮ፣ እንደ ሸክላ ድስት ይሟሻል። ታደለም አዲስ በሠራ ቁጥር ሲራገም ነበር የሚሰነብተው» አለኝ። ስትራገም አንድ ቀን አልሰማሁህም። ለኔ የምታጨሰው ሁሉ የጣመህ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማምሻውን እየመጣ ያሟሻታል። ድንጋይህ ላይ ተቀመጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ጎረቤት ምን እንደሚል አላውቅም፤ እኔም ልክ መሆኔን አላውቅም።

ትናንት ከመገናኛ መጥቼ፣ ከታክሲ ወርጄ ዳገቱን ስወጣ፣ ገና ከመታጠፊያው ሽታህ መጣ። የበቆሎው አይደለም፣ ያንተው። እግሬ ሮጠ። «ታዴ!» ብዬ በሩ ላይ ደረስኩ። ጋሽ ቶሎሳ ነው። አፈርኩ። እሱም መሬት መሬቱን አየ። ደክሞኝ በስተግራው ካለችው ጉቶ ላይ ተቀመጥኩ፤ በቀኙ አጥር ስለሆነ ሌላ መቀመጫ የለ። ገና ቁጭ ስል ፒፓዋን ከግራ ወደ ቀኝ አፉ አዛወራት። «ምነው?» አልኩት። «ጭሱ እንዳያገኝሽ ነዋ» አለኝ።

ታዴ፣ አንተም እንዲህ ታደርግ ነበር እንዴ? እሱ እዛ ጉቶ ላይ ሲቀመጥ እየተቀባበላችሁ ስለምታጨሱ ወደ እሱ ታደርጋታለህ። እኔ መጥቼ ስቀመጥ ወደ አጥሩ። ለዚህ ይሆን እሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ ብለን ሁለታችንም እርግጠኛ የሆንነው? እኔ ስነጫነጭ፣ አንተ ምንም ሳትል ታዛውራት ነበር? ወይስ እንዲህ ቢሆን ብዬ የተመኘሁት እኔ ነኝ? ብጠይቅህ «ነፋሱ ነው ብርቄ» ብለህ ታሾፍብኝ ነበር፣ እሱን አውቃለሁ። የቀረውን አላውቅም።

ዘሩን አስቀምጬልሃለሁ፣ ሚያዝያ ላይ እዘራዋለሁ። እኔ እስካለሁ ጓሯችን በቆሎ አያጣም፣ ድንጋይህም ፒፓ አታጣም። በቀኝህም በግራህም አስታውስሃለሁ፤ የትኛው ልክ እንደሆነ እስክንገናኝ ይቆየኝ።

ጋሽ ቶሎሳን ግን «መልሳት፣ ወደ እኔ አድርጋት» አልኩት። ግር ብሎት አየኝና መለሳት። ጭሱ መጣ፣ ነጠላዬን ሞላው። ዛሬ የልብስ ማጠቢያ ቀኔ ነበር፤ ሌላውን ሁሉ አጠብኩ፣ እሱን አላጠብኩትም።

ያንተው ብርቄ