የእንቁ አረማመድ

ጅቡቲ፣ ኅዳር 2001

ጀንበሬ ወንድሜ፣ ፖስትካርዱ ላይ ያለው ባሕር ያምራል፤ እኔ ግን የምጽፍልህ ስላየሁት ሳይሆን ስለሠራሁት ነው።

ትናንት አርብ ሄሮን ሰፈር ባለ አዳራሽ ላገራችን ሰዎች ትርኢት አሳየሁ። ከፊት የተቀመጡት በየቤቱ ሠራተኛ የሆኑት ሴቶች ናቸው፤ የዕረፍት ቀናቸው ነበር። የከባድ መኪና ሾፌሮቹ ከኋላ ነበሩ። እንደ ልማዴ ከፊት ካለች ሴት ሻሽ ተውሼ አሰርኩና፣ ትሪ ይዛ የምታነክሰውን ሠራተኛ ሆኜ እስክስታ ወረድኩ። አገር ቤት እዚህ ላይ ስደርስ ሰው በሳቅ ከወንበሩ ይወድቃል። እዚህ ግን የሳቁት ሾፌሮቹ ብቻ ናቸው። ሴቶቹ እግሬን ያዩ ነበር።

ባለሻሿ ዘቢባ ትባላለች። ሻሿን ልትቀበለኝ ስትመጣ የተቆጣች አትመስልም፤ ልታርመኝ ነው የፈለገችው። «ጋሼ፣ ሠራተኛዋ ሰው ፊት እኮ አታነክስም» አለችኝ። «ማዳም ካየቻት ታባርራታለች። የምታነክሰው ማድቤት ገብታ በሩን ስትዘጋ ነው።»

ያን አረማመድ ከየት እንዳመጣሁት አንተ ታውቃለህ፤ ልጆች ሆነን በእናንተ ማድቤት በር ቀዳዳ አጮልቀን ሠራተኛችሁን እንቁን በቀኝ እግሯ ስታነክስ አይተን ነው። ሠላሳ ዓመት በእሷ እግር ስበላ፣ አንድ ቀን እንኳ መጥተሽ እይኝ አላልኳትም። ለምን እንደሆነ ያኔም ሳላውቀው አልቀረሁም።

ካርዱ ሞላብኝ። ልጆቹን ሳምልኝ። እትዬ እንቁን ደግሞ ጎንበስ ብለህ ጉልበታቸውን ሳምልኝ፤ ቀኙን።

ኃይለሚካኤል